ሳትሸጡልን ሌባ አትበሉን

ውድ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ጌም ቤቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው በየሰፈሩ ያሉ ጌም ቤቶች የሚሠሩት በተሰረቀ ጌም ነው ብለዋል። ባለቤቶቹንም በደፈናው ሌባ ብለውናል። እኔ እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ጌም ቤት አለኝ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ልለፈው ብል አልሆነልኝም። (ወሮቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ነገሩም የፈረንጅ ነው።)

ሽፍንፍን አያስፈልግም። ቤቴ ውስጥ ያለው ጌም አብዛኛው ኮፒ ነው። በፕሌይስቴሽን 2 ጊዜ ዲስኩን የምናመጣው እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ ነበር። በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ስሙ በማርከር ተጽፎበት ይሸጣል። ማሽኑ ቺፕ ካልገባለት አያነበውም። ዛሬ ዲስኩም ቀርቷል። ማሽኑ ጄልብሬክ ተደርጎ (የአምራቹ ቁልፍ ተሰብሮ)፣ ሃርድ ዲስኩ በጌም ተሞልቶ ይመጣል። ድሬ ያደገ ሰው ዕቃ በስንት መንገድ እንደሚገባ ስለሚያውቅ ይህ ብዙም አይገርመውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ ብትሉ ደንበኞቼን ታዩዋቸዋላችሁ። ቬንትሌተሩ ትኩሱን አየር ያዞራል። ሁለት ልጆች ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው ተረኞቹ ቆመዋል። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል። ጆይስቲኩ በላብ እያሙለጨለጨ ስላስቸገረው አንዱ መዳፉን በየደቂቃው ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ጎል ሲገባ ጩኸቱ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። እንግዲህ የዓለምን የጌም ኢንዱስትሪ አከሰሩ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ጸሐፊው ስለ እኛ ብዙ ብለዋል። ስለ ከሳሾቹ፣ ስለ ጌም ኩባንያዎቹ ግን ትንፍሽ አላሉም። እኔ ልሙላላቸው።

ጌሞች ኮፒ እንዳይደረጉ የሚገጠምላቸውን ጥበቃ እየሰበሩ በነፃ የሚለቁ ቡድኖች አሉ። የሚለቁት ነገር ክራክ ይባላል። አሳታሚ ኩባንያዎች እነዚህን ቡድኖች ለዓመታት ሲረግሟቸው ኖረዋል። 2008 ላይ ታዲያ ምን ሆነ? ከአሳታሚዎቹ አንዱ ዩቢሶፍት «ሬይንቦ ሲክስ ቬጋስ 2» ለሚባለው ጌሙ ማሻሻያ ለቀቀ። ማሻሻያውን የጫነ ሰው ጌሙን ሲከፍት ዲስክ አስገባ ይባላል። ጌሙን በኢንተርኔት የገዙት ግን ከየት አባታቸው ዲስክ ያምጡ? ከፍለው ውጭ ቀሩ። ከዚያ ከኩባንያው የድጋፍ ገጽ መፍትሔ የተባለ ፋይል ተለቀቀ። ነገር የገባቸው ተጫዋቾች ፋይሉን ከፍተው ሲያዩት ሪሎድድ የሚባለው ቡድን የሠራው ክራክ ሆኖ ተገኘ። ወሬው ሲወጣ ፋይሉ ከገጹ ተነሳ።

ይህ አንድ የተቸገረ ሠራተኛ የሠራው ይሆናል ብዬ ላልፈው እችል ነበር። ሮክስታር የሚባለው ሌላው ኩባንያ ግን ደገመው። 2010 ላይ ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር በገንዘብ ሲሸጥ የነበረው «ማክስ ፔይን 2» ውስጥ ሚዝ የሚባለው የክራክ ቡድን አርማ ተገኘ። እንዲህ ያለ ፋይል ሲከፈት ለሰው የማይነበብ የቁጥርና የፊደል ክምር ነው። በዚያ ክምር መሀል የቡድኑ ስም በፊደል ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። «ማንሀንት» የሚለው ጌማቸው ላይም ሬዘር 1911 የሚባለው ቡድን ሥራ ተገኝቷል። የራሳቸውን ጥበቃ ራሳቸው ከመፍታት ሌባ ያሉትን ሰው ሥራ ማንሳት ቀሏቸዋል። ፊርማውን እንኳ አላጠፉም። እኔ ዲስክ ስቀዳ ቢያንስ ስሙን በማርከር እጽፍበት ነበር።

የሮክስታር ባለቤት ቴክ ቱ ይባላል። ይኸው ኩባንያ 2021 ላይ የድሮ «ግራንድ ቴፍት አውቶ» ጌሞችን ኮድ መልሰው የጻፉ ፕሮግራመሮችን ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ልጆቹ ጌሙን አልሸጡም። የሠሩትን ለመጠቀም የመጀመሪያው ጌም ራሱ ሊኖርህ ይገባል። ክሱ ግን ተመሠረተባቸው። የክራክ ቡድኖቹን ሥራ በገንዘብ የሸጠውን የራሱን ኩባንያ፣ ሮክስታርን ማን ይክሰሰው?

አሁን ወደ ሽያጩ እንምጣ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ 2024 መጀመሪያ ላይ «ሄልዳይቨርስ 2»ን ለኮምፒውተር ሸጠ። ጌሙ ተወደደ። ግንቦት ላይ በኮምፒውተር የሚጫወት ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (የሶኒ የኢንተርኔት መደብርና መጫወቻ) አካውንት ማገናኘት ግዴታው ነው አለ። ይህ ኔትወርክ የማይሠራባቸው ሀገሮችና ግዛቶች ግን ከ170 በላይ ነበሩ። ኢትዮጵያም አንዷ ናት። አካውንት ሲከፈት በሚመጣው የሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ስማችን የለም። በነዚያ ሀገሮች ጌሙ ከስቲም መደብር ወረደ። ተጫዋቹ ዓለም አቀፍ ጩኸት ሲያሰማ ሶኒ ግዴታውን በቀናት ውስጥ ሰረዘ። ያም ሆኖ ጌሙ በነዚያ ሀገሮች ለወራት ለሽያጭ አልተመለሰም።

እንግዲህ አስቡት። ፕሌይስቴሽን በድሬ ስንት ቤት አለ? ማሽኑ እዚህ ተሸጧል፣ ተሸጧል፣ ተሸጧል። መደብሩ ግን እኛን አያውቀንም። አካውንት የምትፈልግ ከሆነ ዱባይ ነኝ ወይም አሜሪካ ነኝ ብለህ መሙላት አለብህ። ውሉ ደግሞ ትክክለኛ መረጃ ስጥ ይላል። ሕጋዊ ደንበኛ ለመሆን የመጀመሪያው እርምጃ ውሸት መጻፍ ነው ማለት ነው። አቦ፣ ይሄ እንዴት ያለ ነገር ነው?

እኔም ሞክሬያለሁ። ዘመድ ውጭ ሀገር ካርድ ገዝቶ ኮዱን በቴሌግራም ላከልኝ። አንዱ ትልቅ የመሸጫ መደብር ላይ አስገባሁት፣ ገዛሁም። ብዙም ሳይቆይ አካውንቱ ተዘጋ። ምክንያቱን ስጠይቅ «ከሚኖሩበት ሀገር ጋር አይጣጣምም» የሚል መልስ መጣ። ብሩም ጌሙም እዚያው ቀረ። የኮፒው ሃርድ ዲስክ ግን አንድም ቀን የት ሀገር ነህ ብሎኝ አያውቅም።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም። አዲስ ትልቅ ጌም ዛሬ 70 ዶላር ነው። ሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ያንን በብር ማስላት ለጤና ጥሩ አይደለም። ከ10,000 ብር በላይ ይመጣል። እሱንም ለመክፈል የውጭ ምንዛሬ ያለው ካርድ ያስፈልጋል። በቴሌብር መክፈል ቢቻል እንኳ በዚህ ዋጋ ሁሉንም እገዛለሁ አልልም። አንዱን ግን እገዛ ነበር፤ ልጆቹ የሚፈልጉት ኳሱን ነውና።

የስቲም ባለቤት የቫልቭ ኃላፊ ጌብ ኒዌል ይህን ቀድሞ ገብቶታል። 2011 ላይ የተናገረው ነገር በአጭሩ፣ ኮፒ የሚስፋፋው በዋጋ ሳይሆን በአገልግሎት ጉድለት ነው የሚል ነበር። ሩሲያን ምሳሌ አደረገ። እዚያ ሁሉም ኮፒ ነው የሚጠቀመው፣ አትድከሙ ብለውት ነበር። ገብቶ በደንብ ሲሸጥላቸው ሩሲያ ከአውሮፓ ትልልቅ ገበያዎቹ አንዷ ሆነች። ሰውየው ነጋዴ ነው፣ ጻድቅ አላልኩም። ግን ገበያ ያውቃል።

ኮፒ ያከስራል የሚለውም ነገር እንደሚወራው አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን 360,000 ዩሮ ከፍሎ ጥናት አስጠንቶ ነበር። ጥናቱ 2015 ላይ አለቀ። ሳይታተም ቆየ። 2017 ላይ ዩሊያ ሬዳ የምትባል የአውሮፓ ፓርላማ አባል ጠይቃ አወጣችው። አዳዲስ ትልልቅ ፊልሞች ላይ ጉዳት አለ ይላል። ጌም ላይ ግን ኮፒ ሽያጭ እንደሚቀንስ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። እንዲያውም ሊጨምር ይችላል የሚል ፍንጭ ነበረው። ውጤቱ እንደተፈለገው ቢመጣ ኖሮ በማግስቱ በየጋዜጣው የሚወጣ ይመስለኛል።

ከፍለው የገዙትስ ምን ተጠቀሙ? ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የሚባል የመኪና ጌም 2014 መጨረሻ ላይ ሸጠ። ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን (ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘውን የኩባንያውን ኮምፒውተር) ዘጋው። ዲስኩ በእጅህ ነው፣ ጌሙ ግን የለም። ቀጥሎም ከገዢዎቹ አካውንት ላይ ፈቃዱን አነሳ። በዚህ ተናደው የተነሱ ሰዎች «ጌሞችን መግደል አቁሙ» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ለአውሮፓ ኅብረት ያቀረቡት አቤቱታ ሐምሌ 2025 ላይ ከ1 ሚሊዮን ፊርማ አለፈ። ካሊፎርኒያም ዲጂታል መደብሮች የሚሸጡት ፈቃድ ብቻ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ ከ2025 ጀምሮ በሕግ አስገድዳለች። ኮፒ የሚጫወት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። የሚቀጣው ከፋዩ ነው።

እዚህ ላይ የፈረንጅ ተጫዋቾች የሚወዷት መፈክር አለች። መግዛት ባለቤት ካላደረገ ኮፒ ማድረግም ስርቆት አይደለም ይላሉ። እኔ አልቀበላትም። ደመወዝተኛ ሆኖ ጌም ሊገዛ የሚችል የበርሊን ሰው የሚፈጥራት ማመካኛ ናት። ስርቆት የሚሆንበት ቦታ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሚባሉ ልጆች «ኩኩሉ» የሚል የሞባይል ጌም ሠርተዋል። እኛው ሀገር፣ እኛው ስልክ ላይ ይገኛል። የእነሱን ሥራ ቀድቼ ብሸጥ ጸሐፊው ሌባ ይበሉኝ፣ አልከራከርም። ካሴታቸው ሲቀዳባቸው የኖሩትን ዘፋኞቻችንንም አልረሳሁም። የሀገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። መኖሩን አውቃለሁ፤ ይኑርም።

አሁን ደግሞ ጸሐፊው ያልደረሱበትን ነገር ልንገራቸው። ነገ ተነስቼ ያለኝን ሸጬ ኦሪጅናል ጌም ብገዛ ችግሬ አይፈታም። የጌሙ ውል ለግል መጠቀሚያ፣ ለንግድ ያልሆነ ይላል። በጨዋታ እያስከፈልኩ ላጫውትበት አይፈቀድልኝም። ለንግድ የሚሆን ፈቃድ ለብቻው መገኘት አለበት። ይህን ፈቃድ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሸጥልኝ ማን ነው? የጠየቅኳቸው ሁሉ ትከሻቸውን ነው የነቀነቁት።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጥያቄውን በስማችሁ ለሶኒ፣ ለዩቢሶፍትና የኳሱን ጌም ለሚሠራው ለኢኤ ላኩልኝ። ድሬዳዋ ያለ ጌም ቤት ፈቃድ በስንት ብር፣ በየትኛው ባንክ ይከፍላል በሏቸው። መልስ ከሰጡ አትሙት። የንግድ ፈቃዴ የታደሰ ነው፣ ግብሬንም ከፍያለሁ።

አንድ የጌም ቤት ባለቤት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ