አባዬ፣ ከሳኔቲ ቁልቁል ወርጄ መጣሁ

ካራ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፦

«ለጤናህ እንደምን አለህ?» ብዬ ደብዳቤ እንድጀምር ያስተማርከኝ አንተው ነህና እንደዚያው እጀምራለሁ። አንተ ግን ከግድግዳው ወዲያ ተኝተሃል፤ ስታስል ይሰማኛል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል። ከተራራው በኩል ጅብ ይጮኻል፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይቀበለዋል፣ ሲኖትራኮቹ ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንድሜ መጥቶ ወደ ድሬዳዋ አውቶቡስ ያደርሰኛል። እራት ላይ ልነግርህ ያሰብኩትን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ወሬውን ወደ ልጆቹ አዞርኩት። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ፀሐይ ስትወጣ በረንዳው ላይ ተቀምጠህ፣ መነጽርህን አድርገህ፣ ብቻህን አንብበው።

ሰባት ቀን ባሌ ከርሜ ስመጣ የጠየቅከኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ሾፌሩ ከሳኔቲ ወደ ሪራ በስንተኛ ማርሽ ነው ያወረዳችሁ?» አላየሁም አልኩህ። «ማየት ነበረብሽ» አልክና እንጀራህን ቆረስክ። ዘመንህን ሙሉ የነዳህበት መንገድ ነው፤ ጥያቄው ከልብህ እንደወጣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሌላም ነገር ትጠይቀኛለህ ብዬ ስጠብቅ አመሸሁ። ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

ከዲንሾ ተነስተን አምስት ቀን በእግር ሄድን፤ አራት መምህራን፣ አንድ አስጎብኚ፣ አንድ ምግብ አብሳይ፣ ሁለት ባለ ፈረሶች። አስጎብኚያችን የዲንሾ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከተማሪዎቼ ብዙም አይርቅም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። መጀመሪያ ቀን እየቀደምነው ሄድን፤ በሦስተኛው ቀን ሁላችንም እንደሱ እንራመድ ጀመር። በወይብ ሸለቆ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ ጥላ አሳየን። ከ40,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ብርድ ላይ እየኖሩ ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር ተመራማሪዎች ያስታወቁት በ2011 ዓ.ም. ነው። አንተ ወደ ባሌ መንዳት ካቆምክ በኋላ ማለት ነው። በመስከረም 2016 ዩኔስኮ የባሌ ተራሮች ፓርክን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው «እኔ ያኔውኑ አውቀው ነበር» ብለህ ሬዲዮኑን እንዳጠፋኸው ወንድሜ ነግሮኛል። ታዲያ ስለ ባሌ አንተ የማታውቀውን አንድ ነገር ይዤልህ በመምጣቴ ደስ አለኝ።

ቀይ ቀበሮዋን ያየናት ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ወደ ሳኔቲ ስንወጣ ነው። ሣሩ ላይ ገና አመዳይ አለ። ከፍልፈሉ ጉድጓድ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ፣ ሆዷን መሬት አስነክታ አድፍጣለች፤ ከአካሏ የሚንቀሳቀሰው ጆሮዋ ብቻ ነው። ፍልፈሉ ራሱን ብቅ አደረገ፣ በጥርሱ ሣር ነጨና ተመለሰ። አልዘለለችም። ደግሞ ብቅ አለ። አሁንም አልዘለለችም። ትንፋሻችንን ይዘን ሃያ ደቂቃ ቆምን፤ በመጨረሻ እሷው ተነስታ፣ አንዴ እንኳ ዞር ብላ ሳታየን ሄደች። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ። የእረኞቹ ውሾች የሚያመጡባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው በአንድ ክረምት መንጋውን የሚፈጀው፤ ለዚህ ሲባል ውሾቹን እየዞሩ ይከትባሉ። አንተ «ቀበሮ ባየ ቁጥር ፈረንጁ ሁሉ ቁም ይለኛል፣ መሸብኝ» እያልክ ስታማርር ትዝ አለኝ። አሁን እኔም አስቆምሃለሁ።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ባለ ፈረሶቹ ከሳኔቲ ተመለሱ፤ እኛ መኪና ጠበቀንና በመጀመሪያ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወጣን፣ 4,377 ሜትር። ከዚያ ሜዳው ድንገት አለቀ። ከእግራችን ሥር ደመና ነበር። ከደቡብ የሚመጣው ጉም ገደሉን እየታከከ ይወጣል፤ እኛ ወደ ውስጡ ገባን። መጀመሪያ አስታው፣ ሽማግሌ ፂም የመሰለ ነገር ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥሎበት። ቀጥሎ ኮሶው፣ ቀጥሎ ቀርከሃው፤ የባሌ ጦጣ የምትኖረው በቀርከሃው ቅጠል ነው። ጆሮዬ ሦስቴ ተደፍኖ ተከፈተ። ጃኬቱ ወለቀ፣ ሹራቡ ወለቀ። ሐረና ደን ውስጥ ስንገባ ዝናብ ሳይኖር ከዛፉ ውሃ ይንጠባጠባል፤ አራታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን አንዱን ዝግባ ማቀፍ አቃተን። ታች ስንወርድ ማንም ያልተከለው ቡና በጥላው ሥር በቅሏል። ማለዳ አመዳይ ረግጬ ማታ ከዛፍ ጫፍ ቀፎ የተሰቀለበት አገር ገባሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ዕድሜ ልክህን እያየህ እንዴት ስለ ጎማና ስለ ናፍታ ብቻ ታወራልን ነበር?

ካቻ ከሚባለው ገላጣ ዳር ድንኳን ስንተክል ከጫካው አንድ ሽታ መጣ። የቀፎ ጭስ፣ የረጠበ ሸራ፣ ማር። የጥቅምት 1991 ሽታ ነው፤ ያንን ጀሪካን ወጥ ቤቱ ደጃፍ ያስቀመጥክበት ቀን። ይህን ለመጻፍ አልነበረም የተቀመጥኩት። ነገር ግን ጀመርኩት።

«ሚኒስትሪ ጥሩ ካመጣሽ ባሌ እወስድሻለሁ» ያልከኝ አንተ ነህ። አመጣሁ። እማዬ ቡናማ ሹራብ ሠራችልኝ፤ «ትደርሽበታለሽ» ብላ እጅጌውን አስረዘመችው። በዚያ ማለዳ ከነቦርሳዬ በሩ ላይ ቆሜ፣ አንተ ከመኪናው ሳትወርድ በመስኮት «የእንግዶቹ ዕቃ በዛ፣ ቦታ የለም፣ በሚቀጥለው» ብለኸኝ ሄድክ። አቧራው እስኪጠፋ ቆምኩ። እማዬ «ምን እንደ ጅብራ ተገትረሻል፣ ግቢ እንጂ» አለችኝ። ጅብራ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሳኔቲ ላይ አየሁት፤ ከሰው የሚረዝም፣ ጉም ውስጥ ቀጥ ብሎ ለብቻው የቆመ። ጓደኞቼ ፎቶ ሲነሱ እኔ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

የዚያን ሳምንት ሌሊት አልዘረዝረውም። ጋሪውን፣ የጎረቤታችንን ፋኖስ፣ የእማዬን ነጠላ፣ ሁሉንም ከሌላ ሰው አፍ ሰምተሃል። በአሥራ አንደኛው ቀን ማሩን ይዘህ መጣህ። ከነገሩህ በኋላ ራሴን ዳበስከኝና «እግዜር አውቆ ነው ያስቀረሽ፤ አንቺ ባትኖሪ እናትሽን አናገኛትም ነበር» አልከኝ። እውነትህን ይሆናል። እማዬም እስክትሞት ድረስ ያመነችው ይህንኑ ነው። እኔ ግን አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራውን ለእግዜር ሰጥተህ ዝም አልክ፤ እኔ ካንተ አንዲት ቃል ስጠብቅ ቀረሁ። ማሩንም የማልቀምሰው ለዚህ ነበር፤ ጥርሴን አሞኝ አልነበረም።

አሁን ልንገርህ። ከሳኔቲ ያወረደን መኪና ያንተ ዓይነት ላንድክሩዘር ነው። ከኋላ፣ በድንኳኖቹና በምግብ ሣጥኑ መካከል ክፍተት አለ። ሪራ ለሻይ ስንቆም ሌሎቹ ወረዱ፤ እኔ ወደዚያ ክፍተት ገብቼ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። በአርባ ዓመቴ ያዘኝ። ቦታ ነበር፣ አባዬ።

ምናልባት አሠሪዎችህ ከልክለውህ ይሆናል። ምናልባትም ያንን ገደል ስለምታውቀው ልጄን በዚያ አላወርድም ብለህ ይሆናል። ሾፌራችን ጉሙ ውስጥ ሲወርድ ከኋላ ሆኜ አንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ አየሁ፤ አንተ በዚያ ስንት ጊዜ እንደተመላለስክ አሰብኩ። አንድም ቀን ሰው አልጣልክም። ያሳደገንና ያስተማረን ያ ላብ ነው፤ አመሰግንሃለሁ፣ ከልቤ። ብቻ «ከለከሉኝ» ብትለኝ ኖሮ ያኔውኑ ይበቃኝ ነበር። አሁንም ብትለኝ ይበቃኛል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ሚጡ በመንፈቀ ዓመቱ ሁለተኛ ወጣች፤ አንደኛ የወጣው ልጅ ከአጠገቧ ስለሚቀመጥ ቦታ ልቀይር ብላ አስቸገረችን። ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ወርውሮታል፤ አሁን «ሰ» ማለት አቅቶታል። ድሬዳዋ ሙቀቱ ጀምሯል፤ ማታ ግቢ ነው የምንተኛው። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፣ ያ የጉልበትህ ነገር እንዴት ሆነ ይላል። ሚጡ ለፋሲካ አያቴ ዲኤክሷን እየነዳ ይምጣ ትላለች።

ይኸው፣ ከዚህ በላይ መሸሽ አልችልም።

በኅዳር ዓይን ሐኪሙ ጋ የሄድን ዕለት አንተን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ ካርድህን ረሳሁ ብዬ ተመልሼ ገብቼ ነበር። አንተን «የዓይን ግፊት ነው፣ ጠብታ አለው» ብሎ ሸኘህ። ለእኔ በሙሉ ነገረኝ። ግላኮማ ነው። ዕይታን ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል፤ መሃሉን መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ስለማያም ሰው ሳያውቀው ይቆያል። ጋዜጣ እያነበብክ፣ መርፌ በክር እያስገባህ፣ በግራህ የሚመጣውን የማታየው ለዚህ ነው። የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ያቆይልሃል፤ «ለውጥ የለውም» ብለህ የተውከው ያ ጠብታ። ሦስት ወር ደበቅኩህ። ይቅር በለኝ።

የዲኤክሷን የግራ በር አይቼዋለሁ። «የግቢው በር ጠቦ ነው» አልከኝ። በሩን ያሠራኸው አንተ ነህ፤ ሃያ ዓመት ገብተህበታል። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ አስፋልቱ ዳር ቲማቲም የምትሸጠዋ እናት ለብቻዬ ጠርታኝ ልጇን አሳየችኝ። ምንም አልሆነም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን በግራህ ነበር የቆመው፤ የቆምክላት እሷ ስለጮኸች ነው። አንተን ስለምታከብር ለማንም አልተናገረችም። የልጁ ጫማ አንዱ ማሰሪያ የለውም፤ በሲባጎ ነው የታሰረው። ከዚያ ወዲህ እሱን ጫማ ከዓይኔ ማጥፋት አልቻልኩም።

ቁልፉን ለወንድሜ ስጠው፣ አባዬ። ዛሬውኑ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሱ ያደርስሃል፤ ጡረታህን ስትቀበልም እሱ ይወስድሃል፤ ነግሬዋለሁ። እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ለአንድ ወር ስልኬን ላታነሳም ትችላለህ። አንሳው እንጂ።

ጠብታው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ በእያንዳንዱ ዓይን አንድ አንድ። የታችኛውን ሽፋን በጣትህ ሳብ አድርገህ ጣል፤ ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ በአፍንጫህ በኩል ያለውን ጥግ ሁለት ደቂቃ ያዝ አድርገው። ያልተከፈተው ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ከቅቤው አጠገብ፤ የተከፈተው አልጋህ ራስጌ። ወንድሜም እንዲመረመር ንገረው፣ ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰማል፤ በሽታው በዘር ይሄዳል። እኔ ተመርምሬያለሁ፣ ደህና ነኝ።

ከሪራ ያመጣሁት ማር ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። በዚህኛው ጊዜ እኔም ቀመስኩ።

ማታ አንተ ከተኛህ በኋላ ለሾፌሩ ደወልኩለት። ከጫፉ በሁለተኛ ጀምሮ፣ ጠመዝማዛው ሲመጣ ወደ አንደኛ አስገብቶ እስከ ሪራ በእሱ ነው ያወረደን። አንተስ በስንተኛ ነበር?

ልጅህ