ስምንት መሳቢያ ያለው ኮት፦ የሥዕልና ስፌት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ጫማ ራስ ላይ የሚደፋው ክበብ የእርስዎ ነው?» ዘንድሮ በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ይህን ጠየቁኝ። አዎ፣ የእኔ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስን ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የተለመደውን ቶሎ ልለፈው። ክበቡ ረቡዕ ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው ክፍል ይሰበሰባል። ጥቅምት ላይ 31 ልጆች ተመዘገቡ፣ ሰኔ ላይ 17 ቀሩ። ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ተመርጠዋል፣ መዋጮ ተሰብስቧል፣ ሦስት ስብሰባ በፈተና ምክንያት ቀርቷል። ቃለ ጉባኤውን ማየት የሚፈልግ እኔ ጋ አለ።

በየዓመቱ የትራስ ልብስና ሽርጥ እንሰፋለን። የወላጆች ቀን ይመጣል፣ ሁሉም «ጎበዝ» ይላል፣ ከዚያ ይረሳል። ዘንድሮ ሌላ ነገር ልሞክር ብዬ የኤልሳ ስኪያፓሬሊን ሥራዎች በስልኬ ይዤ ገባሁ። በስልክ ያሳየሁት ወድጄ አይደለም። ፕሮጀክተር አለን። የቁልፉ ነገር ግን ራሱን የቻለ ዘገባ ይወጣዋል።

ስኪያፓሬሊ ሮም ተወልዳ ፓሪስ ላይ የገነነች የልብስ ዲዛይነር ናት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) ስሟን ያስጠራት በ1927 ያሠራችው ጥቁር ሹራብ ነው። አንገቱ ላይ ነጭ ሪባን የታሰረበት ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ሪባን የለም፤ ከሹራቡ ጋር አብሮ የተሠራ ሥዕል ነው። የሠራችላት ፓሪስ የምትኖር አርመናዊት ሹራብ ሠሪ ነበረች። የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። በኋላ ሲሳካ ስኪያፓሬሊ ለብሳው ምሳ ግብዣ ሄደች፤ ከአሜሪካ የመጣ አንድ ገዢ 40 ሹራብ ከ40 ጉርድ ቀሚስ ጋር አዘዛት። ልጆቹ ወዲያው ሒሳብ ውስጥ ገቡ። «አንዱ በስንት?»

የእሷ ሥራ ከሱሪያሊዝም፣ ማለትም እንደ ሕልም የማይገናኙ ነገሮችን ከሚያገናኘው የሥነ ጥበብ ፈለግ ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱን ለማስረዳት ብዙ ፈርቼ ነበር። ልጆች ግን ሕልም ያውቃሉ። ሕልም ላይ ሰው ደረቱን እንደ መሳቢያ ከፍቶ ደብዳቤ ቢያወጣ ማንም «እንዴት?» አይልም። የስፔኑ ሱሪያሊስት ሠዓሊ ሳልቫዶር ዳሊ ደረቱ ላይ መሳቢያ ያለው ሰው ሣለ። ስኪያፓሬሊ ደግሞ በ1936 ከእሱ ጋር ሆና ኪሶቹ መሳቢያ የሚመስሉ ልብስ አወጣች፤ ቁልፎቹ የመሳቢያ እጀታ ይመስላሉ። ከኪሶቹ አንዳንዱ እውነተኛ ነው፣ አንዳንዱ የውሸት።

እዚህ ላይ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በ1936 እኮ ጣሊያን አዲስ አበባ ገብቷል። እኛ የጣሊያን ፋሽን ነው የምንማረው?» ክፍሉ ጸጥ አለ። የማውቀውን ነገርኳት፦ ሥራዋ ፓሪስ ነው፣ በ1931 የፈረንሳይ ዜግነት ወስዳለች። «እሺ፣ ግን ይጻፍ» አለች። ተጻፈ። ግድግዳችን ላይ ከኮቱ ሥዕል ሥር በእሷ እጅ ጽሕፈት «በዚሁ ዓመት በሚያዝያ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ» ይላል።

«ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚሉኝ የሥራ ባልደረቦቼም መልስ አለኝ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን በ1950ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ሄዶ ከሱሪያሊስቶቹ ሥራ ጋር ተዋወቀ። ተመልሶም አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። የአባቱ ወገን ደግሞ አርመን ነው። ሹራብ ሠሪዋን አስታውሱልኝ።

ለመሳቢያው ኮት እጀታ ፍለጋ ምን አለሽ ተራ ወረድን። አሥራ ሁለት ልጅ፣ አንድ መምህር፣ የታክሲው ከኪሴ። አሮጌ የቁም ሣጥን እጀታ የሚሸጡት ሰውዬ ስምንት መርጠው ሰጡንና «ቁም ሣጥኑስ የት አለ?» አሉ። «ኮት ላይ ነው የምንሰፋው» አልኩ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጆቹን አዩ። «መምህር፣ ፀሐይ መቷቸዋል፣ ቶሎ ወደ ቤት ይመልሷቸው።» ሂሳብ ግን ቀነሱልን። ኮቱን ከሰልባጅ ነው የገዛነው።

አሁን ወደ ጫማው። ዳሊ የሚስቱን ጫማ ራሱ ላይ አድርጎ የተነሣው ፎቶ አለ። ከዚያ ስኪያፓሬሊ በ1937 ጫማ የሚመስል ባርኔጣ አወጣች፣ ታኮው ወደ ሰማይ የቆመ። እኛ የሠራነው ኮንጎ ጫማ ነው። ታኮ ስለሌለው አፍንጫው ግንባር ላይ እንደ ቆብ ጥላ ይጥላል። ጫማ ራስ ላይ ማድረግ በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቅር ያላቸውን ወላጆች ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባርኔጣው ግን አሪፍ ነበር።

የከሸፈም አለ። በ1938 ስኪያፓሬሊና ዳሊ የአጽም ቀሚስ ሠርተዋል። ሁለት ጨርቅ ደርበህ የአጥንቱን ቅርጽ ትሰፋለህ፣ ከጀርባ ጥጥ ትጠቀጥቃለህ፣ አጥንቱ ብቅ ይላል። በወሬ ቀላል ነው። ካሉን ሦስት የስፌት መኪናዎች አንዷ ቺንጋ የላትም፣ አንዷ ክር ትበላለች። የቀረችው አራት መርፌ ሰበረችብን። በመጨረሻ በቀኝ ሰባት፣ በግራ አምስት የጎን አጥንት ወጣ። የባዮሎጂው መምህር አይተው ዝም አሉ።

ከዓመቱ ሁሉ እኔን የነካኝ ግን የአንድ ዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሹራብ ነው። ልጁ ሁልጊዜ መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ቀኝ እጁን ከጀርባው አድርጎ ይቀመጣል። ኩራተኛ መስሎኝ ነበር። አንድ ረቡዕ «የእንባ ቀሚስ» ይባል ወይስ «የተቀደደ ቀሚስ» እያልን የተከራከርንበትን (የእንግሊዝኛ ስሙ ሲጻፍ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል) የ1938 ቀሚስ አሳየሁ። እሱም የስኪያፓሬሊና የዳሊ ነው፤ አሁን ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ቀሚሱ በመላ የተቦጫጨቀ ይመስላል፣ ግን የታተመ ሥዕል ነው። አብሮት ያለው የራስ መሸፈኛ ላይ ያለው ቅዳጅ ግን እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ በእጅ ይያዛል። ከሥሩም ሮዝ ይታያል። ልጁ ተነሣ። ስልኬን ተቀብሎ ሥዕሉን በሁለት ጣቱ አሰፋው። «ቲቸር፣ የቱ ነው እውነተኛው?» በዓመቱ የሰማሁት የመጀመሪያ ጥያቄው ነበር። ስልኩን ሲይዝ ነው ክርኑን ያየሁት። የዩኒፎርሙ ሹራብ ተቀዷል፣ ሸሚዙ ይታያል።

ሮዝ የገበር ቁራጭ ለምኖኝ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ዩኒት ሊደራችን ከበር ላይ አስጠሩኝ። ሄድኩ። ልጁ መሀል ቆሟል፣ ሁለቱም ክርኖቹ ተቀደዋል፣ ከሁለቱም ሥር ሮዝ ይታያል። ዩኒት ሊደሩ ጣታቸውን በግራው ሰደዱ፤ አልገባም። በቀኙ ሰደዱ፤ ገባ። እንደገና ግራውን ሞከሩ። ደህናውን ክርን በክር ቀዳዳ አስመስሎ ጠልፎታል፣ የጠርዙን ጥላ ሳይቀር በግራጫ ክር። ቁጣ ስጠብቅ ቀስ ብለው «ይሄኛውን እንዴት ነው የሠራው?» አሉኝ። ልጁ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ይስቃል።

በሳምንቱ አራት ልጆች ደህና ሹራባቸውን ይዘው ቀዳዳ ጥለፉልን ብለው መጡ። ከዚያ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ በዩኒፎርም ላይ ቀዳዳ፣ እውነተኛም ሆነ የተጠለፈ፣ ክልክል ነው። የተጠለፈውስ ይሁን። እውነተኛውን ቀዳዳ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚደፍነው አልገባኝም። የአዲስ ሹራብ ዋጋ ስንት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ብዙ አይደለም፦ ቺንጋ፣ ሁለት ፓኮ መርፌ፣ ክር ለምትበላዋ መኪና አንድ ጥሩ ጠጋኝ፣ ለአምስት ልጆች ሹራብ። የመሳቢያው ኮት እስከ ሰኔ መጨረሻ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይሰቀላል። ስምንት መሳቢያ አለው፤ የሚከፈቱት ሦስቱ ብቻ ናቸው። መዋጮ እነሱ ውስጥ ይገባል። የትኞቹ እንደሆኑ ልጆቹ እንዳልናገር አስምለውኛል።