ፎቶው ከስላይድ ሾው ሲዲው ውስጥ ይወጣል፤ ስክሪኑን በስልክ አታንሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ዓ.ም. ብዙ ፎቶ ቤቶች የሠርጉን፣ የምርቃቱን፣ የክርስትናውን ፎቶ በዘፈን አጅበው በቪሲዲ ወይም በዲቪዲ ስላይድ ሾው ያስረክቡ ነበር። አልበሙ በየዘመዱ ቤት ተበትኖ፣ ሶፍት ኮፒው ከፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ጠፍቶ፣ ዛሬ በእጅ የቀረው ያ ሲዲ ብቻ የሆነባቸው ቤተሰቦች አሉ። የሚፈለገው ደግሞ በድንገት ነው፤ ሰው ያርፍና ለቀብር የሚያዝ ፎቶ ይታጣል። ያኔ ሲዲው ይከፈትና የቴሌቪዥኑ ስክሪን በስልክ ይነሳል። እንዲህ የተነሳ ፎቶ የመስኮቱ ነጸብራቅና የስክሪኑ መስመር ተደርቦበት ይመጣል፤ ሲያሳድጉት ፊቱ ይደበዝዛል። ሲዲው የያዘው ግን ከዚያ የተሻለ ነው።

ከሁሉ በፊት ሲዲውን ደጋግሞ ማጫወት ይቅርና ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ። የሚያብረቀርቀው ፊት ከቆሸሸ በውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ መጥረግ ነው። ዙሪያውን ማሸት አይገባም፤ በዙሪያው የሄደ ጭረት ተከታታይ መረጃ ስለሚያበላሽ ማንበቢያው ማረም ያቅተዋል። ቪሲዲ ላይ ይበልጥ የሚያሰጋው የተጻፈበት ጀርባ ነው፤ መረጃው ከቀለሙ ሥር ስለሆነ እዚያ የተላጠ አይመለስም። የዲቪዲ መረጃ ግን በሁለት የ0.6 ሚሊ ሜትር ፕላስቲኮች መካከል ነው። ዲቪዲው መሃል ላይ ከተንገጫገጨ ዲዲሬስኪው የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደህናውን ክፍል አስቀድሞ ያነብና ወደ ተጎዳው ይመለሳል። የት እንደደረሰ ስለሚመዘግብ ሥራውን በሌላ ማንበቢያ መቀጠል ይቻላል፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ብዙ ጊዜ ያነበዋል።

ቀጥሎ ፎልደሮቹን ማየት ነው። ከቪዲዮው ፎልደር ጎን ሌላ ፎልደር ካለ ይከፈት፤ አንዳንድ የስላይድ ሾው ፕሮግራሞች ዋናዎቹን ፎቶዎች አብረው ይጽፉ ነበር። ቪሲዲ ላይ «ሴግመንት» የሚለው ፎልደር ባዶ ካልሆነ፣ እስከ 704 በ576 ፒክስል የሆኑ የቆሙ ምስሎች ሊኖሩት ይችላል። የቪሲዲ ቪዲዮ 352 በ288 ብቻ ስለሆነ ይህ አራት እጥፍ ነው።

ከሌለ ከቪዲዮው ማውጣት ነው። ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍታችሁ አቁሙት፣ በ«ኢ» ቁልፍ አንድ አንድ ፍሬም (የቪዲዮው ነጠላ ምስል) እየሄዳችሁ ሺፍትና ኤስን ተጫኑ፤ የፋይሉ ዓይነት ፒኤንጂ ይሁን፤ ጄፔግ ሌላ ብክነት ይጨምራል። የትኛውን ፍሬም? አንዱ ፎቶ በሌላው ሲተካ ቪዲዮው ብዙ ለውጥ ስለሚሸከም የመጀመሪያዎቹ ፍሬሞች የተቆራረጡ ካሬዎች ይታዩባቸዋል፤ ምስሉ ተረጋግቶ ቀጣዩ ፎቶ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ያለው ይሻላል። ፎቶው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ዲኢንተርሌስ የሚለው (ተለያይተው የተያዙትን የምስል መስመሮች የሚያስተካክለው ምርጫ) ይጥፋ፤ ከቁመቱ ዝርዝር እስከ ግማሹ ሊያስቀር ይችላል። ምስሉ እየተንቀሳቀሰ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ከተሰነጠቀ ግን ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚያልፉት ትልቁ ጥቅም እዚህ ነው። ኤዲተሩ ፎቶውን ቀስ እያለ ወደ ፊት እንዲቀርብ አድርጎት ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፍሬም ፊቱን ከመጀመሪያው ሰፊ ፍሬም በበለጠ ፒክስል ይዞታል። ስለዚህ ሰፊውንም ቅርቡንም አውጡ፤ ሰፊውን አሳድጋችሁ ቅርቡን በላዩ ግጠሙት። የቁም ፎቶ ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ ስክሪኑን በስፋት ሞልቶ ከነበረም ፍሬሞቹን በፓኖራማ ፕሮግራም መግጠም ይቻላል። 2 ለ3 የሆነ ፎቶ በዚህ መንገድ ወደ 768 በ1152 ይደርሳል፤ አንድ ፍሬም ብቻውን ይህን አይሰጥም።

ፊቱ ቀጥኖ ከወጣ ጥፋቱ የፎቶው አይደለም። የእኛ አገር ዲቪዲ ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት 720 በ576 ይቀመጣል፤ 4 ለ3 ከሆነ ወደ 768 በ576፣ 16 ለ9 ከሆነ ወደ 1024 በ576 ይስተካከል። ከአሜሪካ የመጣ ዲቪዲ 720 በ480 ሊሆን ይችላል፤ የ4 ለ3ቱ ወደ 720 በ540 ይለወጥ። ጥቁሩ ግራጫ መስሎ ከደበዘዘ ደግሞ፣ ቪዲዮ ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 አድርጎ ስለሚይዝ ነው፤ በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ሌቭልስ በሚለው እነዚህን ወደ 0 እና 255 መዘርጋት ነው።

ከዲቪዲ የወጣ አንድ ፍሬም 10 በ15 ሲታተም ደህና ይታያል። ለቀብርና ለሙት ዓመት የሚሆን ትልቅ ህትመት ከሩቅ ስለሚታይ ይቻላል፤ የቪሲዲው ግን አይችልም። እዚህ ላይ ፊት አጥርቶ የሚያወጣ አፕ ይመጣል። እነዚህ አፖች ያልነበረውን ዓይንና ጥርስ ከሌሎች ሰዎች ፊት በተማሩት ይሞላሉ፤ የሚወጣው ሟቹን የሚመስል ሌላ ሰው ነው። የምትጠቀሙ ከሆነ ያልተነካው ፍሬም ለብቻው ይቀመጥ፤ ሟቹን የሚያውቅ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያይም አይታተም።

ለፎቶ ቤቶችም አንድ ጥያቄ አለን። እያንዳንዳቸው 3 ሜጋባይት የሆኑ 200 ፎቶዎች 600 ሜጋባይት ናቸው፤ 4.7 ጊጋባይት በሚይዝ ዲቪዲ ላይ እንኳ ከግማሽ ሰዓት ስላይድ ሾው ጎን ይበቃቸዋል። ዛሬ በፍላሽ ስታስረክቡ ቪዲዮውን ብቻ አትስጡ፤ ዋናዎቹ ፎቶዎች በሌላ ፎልደር አብረው ይግቡ።

የቪዲዮ ኤዲቲንግ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ