ሌሊት ስልክሽን ትዘጊያለሽ ወይ ላልኸኝ

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ የኔ ዓለም? እኛ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባትህ ጤፉን አስወቅቶ አስገብቷል። እህትህ የአንተን ጫማ አጥልቃ ግቢውን ስትዞር ትውላለች።

እሑድ ስትደውል አንድ ነገር ጠይቀኸኝ ነበር። «እማየ፣ ሌሊት ስልክሽን ትዘጊያለሽ እንዴ?» አልኸኝ። እኔም ሳላስብ «ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ እዘጋዋለሁ» አልሁህ። «አይ፣ እንዲያው ነው» አልህና ስለ ሚድ ፈተና ማውራት ጀመርህ። ከዚያ በኋላ ቡና ልቆላ ምጣድ ጣድሁ። አርሮ ቤቱ እስኪጨስ ድረስ አላወቅሁም። ከሃያ ዓመት በላይ የሌሊት ተረኛ ሆኜ የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሰው እንዲያ ሲጠይቅ ምን ማለቱ እንደሆነ ቶሎ መረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ መልሴን አርሜ ልላክልህ። ከእሑድ ጀምሮ ስልኬ አይዘጋም። ቻርጀሩን ከራስጌዬ ሰክቼዋለሁ። መብራት ሲጠፋ እንዳይቸግር አባትህ ፓወር ባንክ ገዝቷል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ይሁን ዘጠኝ ሰዓት ደውል። ምክንያት አታዘጋጅ። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ካልህ ይበቃኛል። ምንም ሳትናገር ብትቆይም ስልኩን አልዘጋብህም።

ይህን በስልክ ያልነገርሁህ፣ በስልክ ሳወራህ «እሺ፣ እሺ» እያልህ ስለምታሳልፈኝ ነው። ወረቀት ግን ብቻህን ስትሆን ደግመህ ታነበዋለህ።

ስለ ዶርማችሁ ልጅ በችኮላ የነገርኸኝን ደጋግሜ አሰብሁት። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ አልጋው ላይ ተቀምጦ «መኖር ደከመኝ» እንዳለ፣ ሦስት ሆናችሁ ደግፋችሁ ወደ ክሊኒኩ እንደወሰዳችሁት፣ በሩ ተዘግቶ ዘበኛው «ጠዋት ኑ» እንዳላችሁ። ከዚያም ኮሪደር ላይ ጋቢ አልብሳችሁት እስኪነጋ አብራችሁት እንደተቀመጣችሁ። «ምንም ማድረግ አልቻልንም» አልኸኝ። ልጄ፣ ትልቁን ነገር አድርጋችኋል። ብቻውን አልተዋችሁትም። እኔ በሥራዬ ከማውቀው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

በዘበኛው አልፈርድም፤ ማንም አላስተማረውም። ግን የምክር ቢሮው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ክፍት ነው ማለት ምን ማለት ነው? በዚያ ሰዓት ተማሪው ክፍል ነው፣ ላይብረሪ ነው፣ ካፌ ሰልፍ ላይ ነው። ሐሳቡ የሚመጣው ዶርሙ ጸጥ ሲል፣ ሌላው ሁሉ ሲተኛ ነው። ለወሊድ የሌሊት ተረኛ ይመደባል። እጁ ለተሰበረ ይመደባል። ለዚህስ ስለምን አይመደብም? ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይህን እላለሁ፣ ወደፊትም እላለሁ።

አሁን ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንዲት ተማሪ ከጓደኛዋ ጋር መጣች። «ራሷን ያማታል» አለች ጓደኛዋ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ፓራሲታሞል ሰጥቼ ሸኘኋት። ጓደኛዋ በሩ ላይ ቆም ብላ ዞር አለች፤ የምትለው ነገር ነበራት። እኔ «ቀጣይ» ብዬ ተጣራሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ልጅቷን ተሸክመው አመጧት። ራሷን ጎድታ ነበር። ተመስገን፣ ተረፈች። ያቺን በሩ ላይ የቆመች ጓደኛ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ። በቀጥታ ነው የምጠይቀው። «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» እላለሁ። ሰው ይህን መጠየቅ ይፈራል፤ ሰይጣን መጥራት ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፣ ይህ በጥናት የታየ ነው። ብዙዎቹ ስጠይቃቸው ትከሻቸው ዝቅ ይላል። አንዳንዱ ያለቅሳል። አንዱ ጎልማሳ ገበሬ «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አለኝ።

አንተም ለጓደኛህ እንደዚያው ጠይቅ። አስቤያለሁ ካለህ አትቆጣው፣ አትስበክለት። «ስንት ሰው ይርበዋል፣ አንተ ምን ጎደለህ» አትበለው። ስማው። እንዴት እንደሚያደርገው ካሰበ ወይም ሊጎዳበት የሚችል ነገር በእጁ ካለ፣ ያን ነገር ከክፍሉ አውጡ። አንዳችሁ አብራችሁት ሁኑ፣ ሌላችሁ የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩን ቀስቅሱ። ክሊኒኩ ዝግ ከሆነ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ይሠራል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥሩ 907 ነው። እዚያ ስትደርሱ እንደዚያች ጓደኛ በሩ ላይ አትቁሙ። «ራሱን ያመዋል» አትበሉ። «ራሱን ሊጎዳ ያስባል» በሉ። እኛ ነርሶች በሌሊት የምንሄደው በምትነግሩን ቃል ነው።

የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀርባችሁ፣ በሌሊት ባጃጅ ከየት እንደሚገኝ በቀን እወቅ። ለትራንስፖርት የሚሆን ብር ለይተህ አስቀምጥ፣ አትንካው። ሌሊት ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ መፈለግ ከባድ ነው።

አንድ ስልጠና ላይ የሰማሁት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ለንደን ውስጥ ቻድ ቫራ የሚባል ቄስ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ይደውልልኝ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንድ ስልክ አስቀመጠ። ሰው ደወለ፣ ብዙ ሰውም በአካል መጣ። ቄሱ አንዱን ሲያነጋግር ሌላው ይጠብቃል። ለሚጠብቁት ሻይ የሚያፈሉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ቄሱ ቀስ በቀስ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰዎቹ ሻይ ለሚቀዱላቸው ሆዳቸውን ያራግፉና እሱን ሳያገኙ ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ። ሥራውን ለነዚያ ሰዎች ሰጣቸው። ዛሬ ሳምራውያን የሚባለው ድርጅታቸው ቀንም ሌሊትም ስልክ ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ራሳቸው ናይትላይን የሚባል ጀመሩ። ሌሊት ተማሪ ይደውላል፣ ተማሪ ያነሳል።

ይህን ስሰማ አንድ ሰው ትዝ አለችኝ።

አንተ የአራት ወር ልጅ ሳለህ እኔ ታምሜ ነበር። አታውቀውም። አንተ ትጠባለህ፣ ትስቃለህ፤ እኔ ግን ከዓይኔ እንቅልፍ ጠፋ። ምግብ አፈር አፈር አለኝ። ተኝቼ ባልነቃ እል ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት እንዳለ በትምህርት አውቀዋለሁ። በራሴ ላይ ሲመጣ ግን ሰነፍ እናት የሆንሁ መሰለኝና ደበቅሁት። ሆድ ይፍጀው እየተባልን ያደግን ነን። አባትህ ለሥራ ወረዳ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ሦስት ሌሊት በተከታታይ መብራታችን ሲበራ አየች። በአራተኛው ሌሊት በሩን ቆረቆረች። ጋቢዋን ተከናንባ ገባች፣ አንተን ከእጄ ወሰደች፣ «ጋደም በይ» አለችኝ። ምን ሆነሽ ነው አላለችም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ መጣች። ማንም ሳያነሣው አንድ ማለዳ ቡና እየቀዳች «ነገ ሐኪም ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ። ያኔ ሀገራችን ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ማሠልጠን ገና መጀመሩ ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እኔን ያከመችኝ የሳይካትሪ ነርስ ናት። መድኃኒቱ ወዲያው አልሠራም። ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም ለውጥ ሳላይ ቆየሁ፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። በወሩ ገደማ አንድ ቀን ጠዋት የሽሮው ሽታ ደስ አለኝ። ያኔ አለቀስሁ።

አያትህ ጠበል ካልሄደች አሉ። ሄድሁ። ቄሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ «መድኃኒት ጀምረሻል?» ብለው ነው። «እንዳታቋርጪ» አሉኝ። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ጋር አታጣላ። ከንስሐ አባትህ ጋርም ተነጋገር፣ ግቢ ጉባኤም ሂድ። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን መድኃኒቱን ይዋጥ።

ደግሞ ስለ ፈተና። አንተ ማትሪክ የወሰድህበት 2015 ዓ.ም. ከተፈታኙ ሁሉ ያለፈው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። ውጤትህን ስንሰማ እልል ብለን በግ አረድን። አክስቶችህ ከቢቸና ድረስ መጡ። «የቤተሰቡ ኩራት» ተባልህ። ደስታችን እውነት ነበር። ግን አሁን ሳስበው፣ እንደዚያ የተጨፈረለት ልጅ «ከበደኝ» ለማለት እንዴት አፉ ይከፈታል? በአንተ ላይ ምን ያህል እንደጫንንብህ አላየንም። ይቅር በለን።

ብትወድቅም፣ ዲስሚሳል ብትባልም፣ ዊዝድሮው ሞልተህ አንድ ዓመት አርፈህ ብትመለስም ቤትህ ይኸው ነው። አባትህን ደብዳቤ እየጻፍሁለት ነው፣ ምን ልበልልህ አልሁት። ብዙ ዝም አለና «የላክሁት እንዲማርልኝ ነው፣ እንዲያልቅብኝ አይደለም በይው» አለ። አባትህ ይህን ያህል ሲናገር ሰምተህ ታውቃለህ?

እንቅልፍህን ጠብቅ። ሌሊት ለማጥናት ጫት የሚቅሙ ልጆች እንዳሉ ነግረኸኛል። ምርቃናው ሲያልፍ እንቅልፍም ይጠፋል፣ ድብርቱም ይመጣል፤ በዚያ ላይ ፈተና አለ። አንዳንዴ ደግሞ ልብህ በድንገት ሲመታ፣ ደረትህ ሲጨመቅ፣ ጣትህ ሲነዝርህ የምትሞት ይመስልሃል። የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ታይ፣ ሌላ በሽታ አለመሆኑ ይረጋገጥ። የጭንቀት ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ብሎ መልሶ ይወርዳል። ትንፋሽህን ቀስ አድርገህ አስወጣ፣ ከአስገባኸው ይርዘም። አጠገብህ ላለው ልጅ «ጨነቀኝ» በለው።

ከዶርምህ ልጆች ጋር ተረኛ ተመዳደቡ። እኛ ሐኪም ቤት እንደምናደርገው። ዛሬ ሌሊት ቢከፋው ማን ማንን ይቀሰቅሳል ብላችሁ ተነጋገሩ። የተቀሰቀሰው አይቆጣም፣ ይህን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ከእኛ በኩል ደግሞ ተረኞቹ እነሆ። መጀመሪያ እኔ። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ካላነሳሁ አባትህ። አምና እዚህ ኔትወርክ ተቋርጦ ስንት ቀን ድምፅህን ሳልሰማ እንደቆየሁ ታውቃለህ፤ እንዲያ ከሆነ አዲስ አበባ ያለችው አክስትህ አለች። ነግሬያታለሁ። እሷ ከዓባይ ማዶ ስለሆነች መስመሯ ሊሠራ ይችላል። «በየትኛውም ሰዓት ይደውል» ብላለች።

አሁን እኔም እንደ ሥራዬ በቀጥታ ልጠይቅህ። እሑድ ስለ ስልኬ የጠየቅኸኝ ለጓደኛህ ነው ወይስ ለራስህ? ሕይወትህን ለማጥፋት ያሰብህበት ሌሊት አለ? የትኛውንም መልስ ብትሰጠኝ አልቆጣም፣ አልደነግጥብህም፣ ለሚረዳህ ሰው ካልሆነ ለማንም አላወራም። ካለ ንገረኝ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ በማግስቱ ዓባይን ተሻግሬ እመጣለሁ። መንገዱ ካልሆነም አክስትህ ትደርስልሃለች።

በሶና ጭኮ ደብዳቤውን ለሚያመጣልህ ሾፌር ሰጥቻለሁ። በሶው ሁለት ከረጢት ነው፤ አንዱ ኮሪደር ላይ አብራችሁት ላደራችሁት ልጅ ነው። ከእኔ እንደሆነ ንገረው።

ሲደርስህ ሚስኮል አድርግልኝ። ሌሊት ከደረሰህ ሌሊት።

እናትህ