ለልጄ፦ ዶሮሽን ከእግሯ ጀምረሽ ምረጪ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። አንቺና ባለቤትሽ በኒው ዮርክ ገጠር በተከራያችሁት መሬት ላይ የጥንት ዝርያ ዶሮዎችን አርብታችሁ ሥጋቸውን ለካሸር ገበያ፣ በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ ለሚገዙ ሰዎች፣ ለማቅረብ ማሰባችሁን ስሰማ ልቤ በደስታ ሞላ። ዝርያውን ገና እንዳልወሰናችሁ ስለ ነገርሽኝ፣ ጫጩቶቹን ከማዘዛችሁ በፊት የማውቀውን በጽሑፍ ላስቀምጥልሽ ወደድሁ፤ በስልክ ስንነጋገር አንዱን ስናነሣ ሌላው ይረሳል።

ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ፣ የሥጋው ካሸርነት በቢላዋ እንደማይጀምር ነው። ሾኼቱ፣ በሕጉ መሠረት የሚያርደው ሰው፣ የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን፣ ያቀረብሽለት ዶሮ አስቀድማ እግሯ የተጎዳ ወይም ክንፏ ከሥሩ ተሰብሮ ሳንባዋን የወጋት ከሆነ፣ የእርሱ እጅ ሊያድናት አይችልም። እዚህ እስራኤል በዶሮ ማረጃ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት የእኔ ቦታ ከሾኼቶቹ በኋላ ነበር። ዶሮዎቹ በሰንሰለት ተሰቅለው በፊቴ ሲያልፉ፣ ላባው ከሚያበቃበት መገጣጠሚያ ትንሽ ከፍ ብዬ የእግራቸውን ቆዳ በመሰንጠቅ ጅማቶቹን እመለከት ነበር። ጤነኛ ጅማት ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ በጣት ሲነኩትም ተወጥሮ ይገኛል፤ የተበጠሰ ከሆነ ግን ዙሪያው ያብጣል፣ የቆየ ደም ስላረፈበትም ሥጋው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። የረቢዎች የሕግ መጽሐፍ ተልሙድ በወፍ እግር ውስጥ 16 ጅማቶችን ይቆጥራል፤ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ቢበጠስ ዶሮዋ ትሬፋ ናት፣ አትበላም። እንዲህ ያለውን ባየሁ ቁጥር ለተቆጣጣሪው ረቢ አሳይ ነበር፣ እርሱም አይቶ ከመስመሩ ያስወጣት ነበር።

ይህ ጉዳት ለምን እንደሚመጣ ልትረጂው ይገባል፣ ምክንያቱም የዝርያ ምርጫሽ ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል። የዛሬዋ የፋብሪካ ዶሮ በስድስትና በሰባት ሳምንት ለእርድ የምትደርስ ስለሆነች፣ ጅማቷና አጥንቷ ሳይጠና የደረቷ ሥጋ ይከብድባታል፤ በዚያ ላይ ጅማትን የሚያጠቃ ቫይረስ ሲጨመርበት እግሯ አይችልም። ይህች ዶሮ የመጣችው አሜሪካውያን «የነገዋ ዶሮ» ብለው ባዘጋጁት ውድድር ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በአገር አቀፉ ፍጻሜ ያሸነፈው ከኮርኒሽና ከኒው ሃምፕሻየር ዝርያዎች የተዳቀለ ዶሮ ነበር፣ ከዚያ ወዲህም ሰፊ ደረት ያላቸው ድቅሎች ገበያውን ያዙት። ከዚያ በፊት አይሁድ አርቢዎች በኒው ጀርሲ፣ በቫይንላንድ አካባቢ፣ እንዲሁም ከእናንተ ብዙም በማይርቀው በካትስኪል ተራሮች ዶሮ ያረቡ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እልቂት ተርፈው ወደ ቫይንላንድ የገቡ ብዙ ቤተሰቦችም ኑሯቸውን የመሠረቱት በዚሁ ሥራ ነው። ስለዚህ ልትጀምሩት ያሰባችሁት ነገር በዚያ አገር እንግዳ አይደለም።

ዘ ላይቭስቶክ ኮንሰርቫንሲ የሚባለው የዝርያ ጠባቂ ድርጅት ለጥንት ዝርያ ያወጣውን መለኪያ አንብቤዋለሁ፣ ለእኛም ጉዳይ እጅግ የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዶሮዋ ያለ ሰው እጅ በተፈጥሮ የምትራባ፣ በደጅ ረጅም ዕድሜ የምትኖር፣ ለገበያ የሚሆን ክብደቷንም ከ16 ሳምንት ባነሰ ጊዜ የማትደርስ መሆን አለባት ይላል። እኔ ከሦስቱ አብልጬ የምወደው የመጨረሻውን ነው። በዝግታ ያደገች ዶሮ ሥጋዋን የሚሸከም እግር ይኖራታል፤ በማረጃው ያየኋቸው ያረጁ እንቁላል ጣዮች ሥጋቸው ቢያንስም እግራቸው ንጹሕ እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

ስለ መሶራ፣ ማለትም የትኛው ወፍ እንደሚበላ ከአባቶች ስለ ተላለፈው ልማድ፣ ደግሞ እንዲህ ነው። ኦሪት በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የማይበሉትን ወፎች በስማቸው ትዘረዝራለች እንጂ፣ ለእንስሳት የተሰነጠቀ ሰኮናንና ማመስኳትን እንደ ሰጠች ለወፍ ምልክት አትሰጥም። ሚሽና፣ የቃል ሕጉ የተጻፈበት መጽሐፍ፣ ምልክቶችን ቢጨምርም፣ በኋላ የመጡት ረቢዎች፣ በተለይ የአሽከናዝ፣ ማለትም የአውሮፓ አይሁድ፣ ሊቃውንት፣ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ልማድ እንደሚበላ የታወቀውን ወፍ ብቻ መብላትን አጸኑ። በ19ኛው መቶ ዘመን ኮቺን የተባሉት ግዙፍ የእስያ ዶሮዎች ወደ አውሮፓ ሲገቡ ረቢዎች ስለ እነርሱ ተጠይቀው መልስ ጽፈዋል፤ በቅርብ ዓመታትም እዚህ በብኔ ብራክ ስለ ቤልጅጉ የብራከል ዝርያ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ፣ ጥቂቶች መሶራው ያልተቋረጠው የእርሱ ብቻ ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ብዙኃኑ ይህን አልተቀበሉም፣ እኔም አልቀበለውም። ሆኖም ከዚህ የምትወስጂው ትምህርት አለ፤ የዶሮዎችሽ አባትና እናት እነማን እንደ ሆኑ በመዝገብ ያዢ፣ ከማይታወቅ መንጋም አታዳቅዪ። ጅግራና የሙስኮቪ ዳክዬ ግን ከግቢሽ አይግቡ፤ በአሜሪካ ያሉ ዋና ዋና የካሸር አረጋጋጮች አይቀበሏቸውም፣ ከዶሮዎቹ ጋር ለሽያጭ ብታቀርቢያቸውም የደንበኞችሽን እምነት ታናጊያለሽ።

እናትሽ የሐበሻ ዶሮ ብታረቡ ትወድ ነበር። የጎንደሩን ገብስማና ልብወርቅ ስታነሣ ዐይኗ ያበራል። እውነት ነው፣ እነዚያ ዶሮዎች ራሳቸው ታቅፈው ይፈለፍላሉ፣ ጭላት ሲመጣ ጫጩቶቻቸውን ይሰበስባሉ፣ መኖ ሳይሰፈርላቸው ጭረው ያድራሉ። ነገር ግን አውራው በስድስት ወሩ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አያልፍም፣ ሴቷም በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው፤ ደግሞም በእንስሳት ጤና ሕግ ምክንያት እንቁላላቸውን ወደ አሜሪካ ማስገባት ቀላል አይደለም። ከጎንደር የምትወስዱት ዶሮውን ሳይሆን የአያትሽን የአመራረጥ ዘዴ ይሁን። አያትሽ አውራውን ለዘር ሲያስቀሩ ከላባው ይልቅ አረማመዱን ነበር የሚያዩት፤ ማለዳ ከቆጥ ሲወርድ ሳያነክስ በሁለት እግሩ የሚያርፈውን ያስቀሩታል፣ የተቀረው ለበዓል ይሆናል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ደላዌር ወይም ነጩ ፕሊማውዝ ሮክ ነው። ምክንያቴ ላባ ነው። በአገራችን ዶሮ ከታረደች በኋላ በፈላ ውሃ ተነክራ ትነጫለች፤ በካሸር ሥርዓት ግን የሥጋው ደም በጨው ከመውጣቱ በፊት በሙቀት እንዳይረጋ ሙቅ ውሃ ሊነካው አይፈቀድም፣ ስለዚህ የሚነጨው በቀዝቃዛ ውሃ ወይም በደረቁ ነው። ላባው ሥጋውን አጥብቆ ይይዛል፣ ቆዳው ይቀደዳል፣ ዕድሜዋ የገፋ የጥንት ዝርያ ስትሆን ደግሞ ይብስበታል። ዶሮዋ ጥቁር ከሆነች፣ ለምሳሌ ጀርሲ ጃያንት፣ ከቆዳው ገና ብቅ ያሉት ጥቃቅን ላባዎች ጥቁር ነጥብ እየሆኑ ይቀራሉ፣ ገዢም ያልጸዳች ይመስለዋል። በነጭ ላባ ይህ አይታይም። ላባ በሚቀይሩበት ወቅትም አታሳርዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ግማሽ ሰዓት በውሃ መዘፍዘፉን፣ ውስጥና ውጭውን አንድ ሰዓት በጨው ማቆየቱን፣ ሦስት ጊዜ ማለቅለቁንና ጉበትን ለብቻው በእሳት መጥበሱን፣ ከቤታችን ታውቂዋለሽ።

የግቢውን መሬት ምስማርና ሽቦ ሳይቀር ልቀሙ። ዶሮ ያገኘችውን ሹል ነገር ትውጣለች፣ ውስጧን ከበሳውም ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል። ክትባት በመርፌ የሚሰጥ ከሆነም መርፌው የት የሰውነት ክፍል እንደሚገባ ሾኼቱን አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ አንገት ላይ የተወጋች ዶሮ ጥያቄ ታስነሣለች። ሾኼቱን ከጫጩቶቹ በፊት አግኙት፣ የትኛው አረጋጋጭ ምስክርነት እንደሚሰጣችሁም በጽሑፍ ይነግራችሁ። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በራሱ እርሻ ያሳደገውን በዓመት እስከ 1,000 ወፍ አርዶ የሚሸጥ ገበሬን ከቋሚ የመንግሥት ምርመራ ነፃ ያደርገዋል፤ የግዛቶች ደንብ ስለሚለያይ ግን የኒው ዮርክን የእርሻ መሥሪያ ቤት ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ።

ስለ ዋጋ እንዳትፈሪ እለምንሻለሁ። ዶሮሽ ከፋብሪካዋ ይልቅ ሁለት እጥፍ ያህል መኖ ትበላለች፣ ከሁለት እጥፍ በላይ ጊዜም ትወስዳለች፤ ይህን ለገዢው በግልጽ ንገሪው፣ ዋጋሽንም በዚያው ልክ ቁረጪ። ሥጋዋ ጠንከር የሚል ስለሆነ ፈጥኖ ለሚጠበስ አይሆንም፤ ለረጅም ጊዜ ለሚፈላ ሾርባና ለዶሮ ወጥ ግን ወደር የለውም። በሰንበት ዋዜማ እናትሽ በዘይት የምትሠራው ወጥ ከድቅሏ ዶሮ ጋር ሽንኩርቱ ሳይበስል ሥጋው ይፈርስባታል፣ ሁልጊዜም ታማርራለች።

ጫጩቶቹ በሚያዝያ ቢገቡላችሁ 20 ሳምንት የሚሞላቸው በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ነው፣ ያም ለአይሁድ አዲስ ዓመት ለሮሽ ሃሻና የሚገዙ ቤተሰቦች ዶሮ የሚፈልጉበት ጊዜ ነው። የጥንት ዝርያ የሚያስፈለፍሉ ድርጅቶች ትእዛዝ በአሜሪካ የብርድ ወራት ስለሚሞላባቸው እስከ ጥር ድረስ እዘዙ። መጀመሪያ ብዙ አታምጡ፤ ሾኼቱ በአንድ ጠዋት ሊጨርሰው የሚችለውን ያህል ይብቃችሁ። ከየትኛው አስፈልፋይ እንደምትገዙና ምን ያህል ዋጋ እንደ ጠየቃችሁ ጻፊልኝ፣ የሾኼቱንም ስም ላኪልኝና እኔ ከዚህ ሆኜ በማረጃው አብረውኝ ከነበሩት ስለ እርሱ ልጠይቅልሽ።

አባትሽ

ቂርያት ማላኺ