ታይፎይድና ታይፈስ አንድ አይደሉም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ትኩሳት ይዞኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ሰጥቼ ብዙም ሳልቆይ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተባልኩ። ሁለቱም በአንዴ! በሰፈራችን እንዲህ ያልተባለ ሰው የለም።

ታይፎይድ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ትኩሳቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል፣ ሆድም ያማል። ታይፈስ ሌላ ነው። ወረርሽኝ የሚያስነሳው ዓይነት የሚመጣው በልብስ ቅማል ነው፤ ያውም ስናክ የቅማሉ ዓይነ ምድር በተላጠው ቆዳ ሲገባ። ትኩሳቱ ድንገተኛ፣ ራስ ምታቱም ከባድ ነው።

ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው። ድሮ የታመመም «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ጋብዛችሁ ብታስረዱን ምን አለበት? እኔማ መድኃኒቱን ውጬ ጨርሻለሁ።

አክባሪያችሁ፣ ከአዲስ አበባ