ዝናብ ፈልጌ ወደ ተራራ የምወጣበት ምክንያት

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ስንነጋገር፣ ሰው ሁሉ ከዝናብ ሲሸሽ እኔ ዝናብ ጠብቄ ወደ ተራራ መውጣቴ እንዳሳሰበዎት ነግረውኛል። በስልክ ተጣድፌ ከምመልስልዎት በጽሑፍ ላስረዳዎት ወደድኩ።

በሐምሌ ከጓደኞቼ ጋር የምንወጣው ሬኒየር ሰማዩ ሲጠራ በአሜሪካ ካለችው ከሲያትል ከተማ የሚታይ ተራራ ነው። ከፍታው 4,392 ሜትር በመሆኑ ከራስ ዳሸን ያንሳል፤ ነገር ግን ከምድር ወገብ ርቆ በስተሰሜን ስለሚገኝና ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ስለሚያርፍበት ዓመቱን ሙሉ የበረዶ ግግር አይለየውም። መነሻችን በሆነው ፓራዳይዝ በተባለው ቦታ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1971 እስከ 1972 በዘለቀው ወቅት 28.5 ሜትር ያህል በረዶ መውረዱ ተመዝግቧል። በበጋቸውም ቢሆን ጠዋት የጠራው ሰማይ ከሰዓት በኋላ በደመናና በነፋስ ሊለወጥ ይችላል። ልብሴንና ዕቃዬን በብራ ቀን ብቻ ብሞክራቸው ጉድለታቸውን የማውቀው መመለሻው በራቀበት ቦታ ይሆናል።

ስለዚህ ትንበያው ዝናብና ነፋስ ሲል ከከተማው ብዙም ወደማይርቀው ማውንት ሳይ እሄዳለሁ። መንገዱ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሽቅብ ሆኖ ወደ 960 ሜትር ከፍታ ያስወጣል፤ አየሩ ቢከፋም ወርጄ መኪናዬ ውስጥ መግባት እችላለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ የዝናብ ጃኬቱ ነው። ንጹሕ ሲሆን ጠብታው ሳይጣበቅበት ተንከባሎ ይወርዳል፤ ጭቃና ላብ ሲጠግብ ግን የላይኛው ጨርቅ ውኃ ይመጥና ላቤ መውጫ ስለሚያጣ፣ ዝናቡ ባይገባም ከውስጥ እርሳለሁ። አጥቤ በማድረቂያ ሞቅ አድርጌ ሳደርቀው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ምርኩዜን ከፍ አድርጌ ስይዝ ውኃው በእጅጌው እስከ ክርኔ ስለሚወርድ፣ በሽቅብ ላይ የጓንቴን አፍ ከእጅጌው በላይ አደርጋለሁ። ይህን የመሰለውን ጥቃቅን ነገር ሻጩ አይነግርዎትም።

በደብረ ብርሃን ብርድ በርኖስዎን የማይለዩበት ምክንያት እዚህም ይሠራል። ሱፍ ቢርስም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም፤ የረጠበ ጥጥ ግን የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ከገላዬ የሚነካው ልብስ ሁሉ ሱፍ የሆነው ለዚህ ነው። የላባ ጃኬቴን ደግሞ ከረጠበ ስለሚጓጉልና ስለማያሞቅ ውኃ በማያስገባ ከረጢት እይዘዋለሁ። ክራምፖን የሚባሉትን ከጫማ ሥር የሚታሰሩ ባለጥርስ ብረቶች፣ ጣቶቼ በደነዘዙበት ሰዓት እንኳ ጓንቴን ሳላወልቅ ማሰርና መፍታት ተለማምጃለሁ። ባዶ እጅ በነፋስ ውስጥ ቶሎ ከዳተኛ ይሆናልና ይህን ከሁሉ አስበልጬ እመለከተዋለሁ።

እርስዎን የሚያስፈራዎት ብርዱ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ይበልጥ የምጠነቀቀው ደመናውን ነው። ከፓራዳይዝ በላይ እስከ ካምፕ ሙር፣ ማለትም እስከ 3,105 ሜትር ድረስ ሰፊ የበረዶ ሜዳ አለ። ጉም ሲወርድ ሰማዩና መሬቱ አንድ ዓይነት ነጭ ይሆኑና ሰው ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ገደል ወይም ወደ ተሰነጠቀ የበረዶ ግግር ሊያመራ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። በመሆኑም በጉም ቀን ኮምፓስና ካርታ ይዘን፣ አንዳችን እየመራን ሌሎቻችን እያረምን በታችኛው ጫካ እንለማመዳለን።

ከመካከላችን አንዱ እንኳ «እንመለስ» ካለ ያለ ክርክር እንድንመለስ ተስማምተናል። ይህን ተራራ ከሚሞክሩት ግማሽ ያህሉ ጫፍ ሳይደርሱ ስለሚመለሱ፣ መመለስ እዚያ እንደ ነውር አይታይም።

ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስልክ ላይሠራ ስለሚችል እስክወርድ ድረስ ድምፄ ቢጠፋብዎት አይደንግጡ። የምንነሳበትንና የምንመለስበትን ቀን አስቀድሜ ለእህቴ እነግራታለሁ፤ ወርደን ፓራዳይዝ እንደደረስንም ለእርስዎ እደውላለሁ።

ለጉልበትዎ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መድኃኒት ሳያቋርጡ ይውሰዱ። በጸሎትዎ አይርሱኝ።

አክባሪ ልጅዎ